ወለላ ጋ ወራጅ አለ!

ባለፈው መስከረም ወደ ቡታጅራ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ስታሞቀው ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ኧረ በናታችሁ መስኮት ክፈቱ!» አለ። ሴትዮዋ ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። መስኮቱ በኔ በኩል ነበር፤ እኔም አልከፈትኩም። ያ ሽታ ከአክስቴ ከታፈሰች ጓዳ በቀር ሌላ ቦታ ወስዶኝ አያውቅም።

ከተማ ገብተን ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ በሩን ደብደብ አድርጎ «ወለላ ጋ ወራጅ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«አለ» አልኩ።

ወለላ የሚባል ሰው እዚያ ሰፈር ኖሮ አያውቅም። ለረዳቱ ይህን ብነግረው ይስቅብኛል፤ እሱ ከመወለዱ በፊት ነው ቦታው ስሙን የያዘው። እኔ ግን ስሙ የመጣበትን ክረምት አውቀዋለሁ። ያን ክረምት እዚያው ቤት ነበርኩ።

እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ደርሳ ነበር። ወልቂጤ የሚያስተምረው አባቴ ትምህርት እንደተዘጋ አምጥቶ እቴቴ እጅ ላይ ጣለኝ። አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ክፍል ያለፍኩ፣ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብ ልጅ ነበርኩ። እቴቴ ፊደል አልቆጠረችም። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አያርፍም ወይ?» ትለኛለች፤ ግን ሰው ሲመጣ «አንብቢላቸው እስቲ» ብላ የስኳር ከረጢት ታሸክመኛለች።

ቤቷ መንገድ ዳር ነው። ጭቃ ነው፤ በየዓመቱ መስቀል ሲቃረብ ራሷ በጭድና በእበት ትመርገዋለች። ባሏ ጋሽ ወልዴ መርካቶ ይነግዳሉ፤ እንደ ሰፈሩ ወንዶች ሁሉ የሚመጡት ለመስቀል ነው። እሷ ደግሞ ቅቤ ትሸጣለች። ሰፈሩ «ታፈሰች በር» ይባል ነበር። አውቶቡስ የሚጠብቁ «ታፈሰች በር እንገናኝ» ይላሉ፣ ለቅሶ የሚመጣ እንግዳ «ታፈሰች በር ስትደርስ ወደ ግራ» ይባላል። እቴቴ ይህን እንዳልሰማች ሆና ነው የምትሰማው።

ሰፈሩ የሚያምናት በዊጆው ነው። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ከላሞቻቸው ያገኙትን ያዋጣሉ፣ በተራ ይወስዳሉ። ለመስቀልና ለአረፋ የሚሆነው ግን በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ እያንዳንዷ በራሷ አስተሳሰር ቋጥራው፣ አንድ ጓዳ ይቀመጣል። ያ ጓዳ የእቴቴ ነበር። ቅቤ ስትቀበል በጣቷ ቆንጥራ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ትፈርዳለች።

«ይሄ የሰነፍ ቅቤ ነው። አሬራው አልወጣም። ወስደሽ እጠቢው።»

ማንም ተቀይሞ አያውቅም። ወስዳ ታጥበዋለች።

ሰዎቹ የመጡት ፍልሰታ ውስጥ ነው። በፍልሰታ ቅቤ የሚገዛ ክርስቲያን የለም፤ እቴቴ ደጃፍ ተቀምጣ ዝናብ ታያለች። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውና መሰላል የተሸከሙ ሁለት ልጆች ከመኪና ወረዱ።

«እናቴ፣ ቤትዎን በነፃ ቀለም ልንቀባልዎት ነው» አላት ባለ ሱፉ።

«ምን ሠራሁላችሁ?»

«ቤትዎ ዓይን ይገባል። ቅቤ እንደሚሸጡም ሰምተናል።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ኧረ ያልነገረን ማን አለ?»

እዚህ ላይ እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች። በሷ ቤት ነገሩ አለቀ። ዘንድሮ ጭቃ ማቡካት የለም፣ ባሏ ሲመጡ ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ያገኙታል፣ ዝናዋም አዲስ አበባ ደርሷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ?

ልጆቹ የመንገዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ቀቡት። የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ ከሥራቸው አልጠፋም ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ሣሉ። ፀጉሯ ተተኩሷል፣ ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ በማንኪያ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዛ ለመንገደኛው ሁሉ ትስቃለች። እኔ እቴቴ በልጅነቷ መስላኝ ነበር። የእቴቴ ጥርስ ፍንጭት ነው፤ እሱን ረስተውታል ብዬ ለልጆቹ ልነግራቸው ስል አፈርኩ። ጠዋት ጠዋት ግን «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ።

«ምን ይላል?» አለችኝ እቴቴ።

የበሩን ያህል የሚተልቁትን ፊደሎች ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ወ-ለ-ላ ቅ-ቤ!»

«ወለላ ያሉት ምኑን ነው?»

«ቅቤሽ እንደ ማር ነው ለማለት ነዋ።»

«ይሁና!» አለች። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሳቋ መጥቶባት ነው።

ከማንኪያው ሥር ሌሎች ፊደሎች ነበሩ፤ ጉንዳን ጉንዳን የሚያክሉ። እነሱን ማንም አላነበበም።

ገበያ ቀን ደግሞ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና መጣ። ለልጆች ቢጫ ኮፍያ በተነ፣ ዘፈን ለቀቀ። ዘፈኑ እንዲህ ነው፦ «ጣል አርጊበት ወለላ፣ ባልሽ ሌላ ቤት እንዳይበላ!» እንግዲህ አስቡት፤ ባሎቻቸው ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ሌላ ቤት በሚበሉበት ሰፈር! አዳዲስ ሙሽሮች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ሱቅ ሄደው ቢጫውን ጣሳ ነጠላ ሥር ደብቀው ሲመለሱ አይቻለሁ። እኛ ልጆቹ ዘፈኑን ስንዘፍን ዋልን፣ ስንዘፍን አመሸን። እቴቴ በሯ ላይ ቆማ እንደ ሙሽራ እናት መኪናውን በእጇ ትሸኝ ነበር። የሷ ቅቤ የተዘፈነለት መስሏታል። እኔም መስሎኛል።

መጀመሪያ ግራ ያጋቧት መንገደኞች ናቸው። መኪና አቁመው «ወለላ አለሽ?» ይሏታል። «ቅቤ አለኝ» ትላለች። ጣሳ ይፈልጋሉ። ቅጠሉን ስትፈታላቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። «የከተማ ሰው ምን ያውቃል» ብላ ትስቅባቸዋለች።

ቀጥሎ የሰፈሩ ሴቶች ይመጡ ጀመር። በየቀኑ አንዷ ትመጣለች። ትቀመጣለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ ስለ እናቴ እርግዝና ትጠይቀኛለች። መጨረሻ ላይ ታዲያ የመሄድ ያህል ብድግ ትልና «ታፈሰች፣ እንግዳ ሊመጣብኝ ነው፤ የኔን ቅቤ ብወስደው?» ትላለች። ሌላዋ «ልጄ ታሞ ሊታሽ ነው» ትላለች። አንዷ «ቋጠሮውን ላጠብቀው ብዬ» አለች። እኔ እቴቴ ስለምትወደድ እንግዳ የበዛላት መስሎኝ ነበር። ወልቂጤ ላለው አባቴ «እዚህ በየቀኑ ሰው ይመጣል» ብዬ በስልክ ነግሬዋለሁ። ጓዳው እየጎደለ ነበር፤ እኔ ግን መጫወቻ ቦታ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

እቴቴ ጠዋት ደጃፍ መቀመጧን ተወች።

እውነቱን ያመጣችው እትዬ ዘሃራ ናት። ዘሃራ የአጥር ጎረቤታችን፣ የእቴቴ የልጅነት ጓደኛ ነች። እሷ የመስቀሉን ሥጋ አትበላም፣ እቴቴም የአረፋውን አትበላም፤ ግን በየበዓሉ አንዷ ለሌላዋ ቆጮና ቅቤ ለይታ ታስቀምጣለች። ያን ቀን ስትገባ አልተቀመጠችም።

«ታፌ፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም መናገር አልችልበትም። ቅቤዬን ስጪኝ።»

«አረፋ ገና ነው እኮ።»

«ገና ነው። ግን ገበያው የሚያወራው ቅቤ ላይ ስለሚቀላቅሉት የሚረጋ ዘይት ነው። አንቺ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሽዋል! ከየጥቅልሉ እየቆነጠረች በሱ ትሞላዋለች እያሉሽ ነው። ወላሂ እኔ አላምንም። ግን አንዴ ከአፍሽ ልስማው።»

«ምኑን?»

«አልቀላቅልም በይኝ።»

ያቺን አንድ ቃል ብትላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እቴቴ ግን የሷ ሰው፣ ዘሃራ፣ በመጠየቋ ፊቷ ጠቆረ። ጓዳ ገብታ የዘሃራን ጥቅልል አመጣችና እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ቋጠሮሽን እዪው። ያንቺው ነው፣ አልተፈታም። ውሰጂ፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ዘሃራ ቅቤዋን አነሳች። እንባዋ መጥቷል። በሩ ላይ ወደኔ ዞራ «ከማንኪያው ሥር ያለውን አንብቢላት» አለችኝና ሄደች።

ወጣን። ያካፋ ነበር። እቴቴ ኩርሲ ላይ አቆመችኝ። እነዚያን ጉንዳን ፊደሎች አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፦ «ከ-አትክልት ዘይት የ-ተዘጋጀ።»

«ቅቤ ከአትክልት ይወጣል እንዴ?»

«ላሞቹ ጎመን በልተው ይሆናላ» አልኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ዘይት ነው የሚለው?» አለች።

«አዎ።»

«በኔ ግድግዳ?»

ከኩርሲው ወረድኩ። ሥዕሏን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ያቺ ትስቃለች። እቴቴ እዚያ ዝናብ ላይ እንደቆመች፣ እንዲህ ያለች ትልቅ ሰው ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን አካፋ ነበር የምትፈልገው።

በማግስቱ ጭድና እበት አቡክታ ግድግዳውን መረገችው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ማንንም ሳትጠራ፣ ቢጫውን ሁሉ ሸፈነችው። ሴትየዋ ጠፋች። እኔ በውስጤ ከፋኝ፤ ከሷ ጋር ለምጄ ነበር። ታዲያ ጭቃ በዘይት ቀለም ላይ ይይዛል? ዝናቡ ሲመጣ ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ የወጣው ጥርሷ ነው። ምንም ሳይኖር፣ ከጭቃው መሀል ነጭ ጥርስ ብቻ! የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ሳቁ፣ ዘፈኑንም ዘፈኑ። እቴቴ ደግማ መረገች፤ ደግሞ ወረደ። በመጨረሻ አካፋውን ወርውራ «አንቺ፣ ያስቀመጡሽ ናቸው የሚያነሱሽ» አለቻትና ገባች። የተወረወረውን አካፋ እኔ አነሳሁት።

መስቀል ሲደርስ ጋሽ ወልዴ መጡ። ከመኪና ሳይወርዱ ግድግዳውን አይተው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እንዴ! መርካቶ በየሱቁ ያለችው ሴትዮ እኔን ቀድማ ቤቴ ገብታለች!»

ለሚስታቸው ስጦታ ይዘው ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ቢጫ ጣሳ በቢጫ ጣሳ ላይ ተደርድሯል። ወለላ።

«አዲስ አበባ አሁን ሁሉም ይሄን ነው፤ አይበላሽ፣ ሽታ የለው።»

«ሽታ ከሌለው በምን ታውቀዋለህ?» አለች እቴቴ።

«ስሙ ተጽፎበታል እኮ!»

ካርቶኑን ገፍታ አልጋ ሥር ከተተችው። ያን ሌሊት ባልና ሚስት እንደወትሯቸው አልተጫወቱም።

በመስቀል የጎረቤት ደጅ ዘሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ መጡ። ቤቱ በለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። ክትፎው በጣባ ቀረበ፣ አይቡና ጎመኑ በጎኑ፣ ቆጮው ትኩስ። እቴቴ ክትፎውን የለወሰችው ራሷ ባጠራቀመችው ቅቤ ነው። ሴቶቹ አይቡን አመሰገኑ፣ ጎመኑን አመሰገኑ። ክትፎው ጋ ሲደርሱ አንዷ ሆዷን ይዛ «ትላንት የበላሁት አላስተኛኝም» አለች። ሌላዋ «ሐኪም ከልክሎኛል» አለች። ሦስተኛዋ ቆንጥራ ለልጇ ልትሰጥ ስትል ምን እንደታሰባት እንጃ፣ መልሳ አስቀመጠችው። እቴቴ በእጇ ማንኪያ እንደያዘች መሀል ቤት ቆማለች። የጉራጌ ሴት በመስቀል ቀን፣ በገዛ ቤቷ፣ ክትፎዋ ሳይነካ! ጋሽ ወልዴ እንኳን ገብቷቸው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ስለ ቅቤው ወሬ ብዙም አልገባኝም፤ ብቻ ሰው ሁሉ እቴቴን እንደጠላት ያን ጊዜ ገባኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን አደረሳችሁ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ዘሃራ ናት። ደጄን አትርገጪ የተባለችው ዘሃራ ረግጣ ገባች።

ማንም ሳይጋብዛት ቁጭ አለች። «የኔን ቆጮ የት አደረግሽው?» አለች።

እቴቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ጓዳ ገብታ፣ ተኮራርፈውም ለይታ ያስቀመጠችውን ሳህን ይዛ ወጣች። ቆጮ፣ በላዩ ቅቤ። ዘሃራ «ቢስሚላህ» ብላ ቆርሳ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ ሁሉም እያያት ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። ደገመች። ከጣቷ ላይ የቀረውን ላሰች።

«እኔ ሥጋችሁን አልበላም» አለች። «ቅቤዋን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በልቻለሁ፤ ያው ነው። ለመሆኑ ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ጣሳ የት አለ?»

ጋሽ ወልዴ ከአልጋው ሥር አወጡላት። ከፍታ፣ በጣቷ ዝቃ መዳፏ ላይ አሸችው፤ በሌላው መዳፏ የእቴቴን ቅቤ አሸች። ሁለቱንም መዳፎቿን በየሴቶቹ አፍንጫ ሥር አዞረች።

«ይሄኛውስ?» አለች የጣሳው ያለበትን መዳፏን ዘርግታ።

«ምንም አይሸትም» አለች ሆዴን ያለችው።

«በዚህ ቤት ቅቤ ውስጥ ይሄ ቢኖር ሽታው በደከመ ነበር፤ አፍንጫ የላችሁም? ሥዕል አይታችሁ ነው ጓደኛችሁን የካዳችሁት? እኔም ካድኳት፤ ነይ ታፌ፣ አንቺም ደንቆሮ ነሽ፣ አንድ ቃል ምን ይጎዳሽ ነበር?»

እቴቴ ሳቀች። ፍንጭቷ ታየ። ሴቶቹ ጣባውን እርስ በርስ እያቀባበሉ ይጎርሱ ጀመር፤ ሐኪም የከለከላት ከሁሉም በለጠች። እቴቴ «ቀስ በሉ፣ ያንቃችኋል!» እያለች ትቆጣለች። እኔ ከደስታ ብዛት ወጥቼ ለግድግዳዋ ሴትዮ ምላሴን አወጣሁባት።

ቅቤዎቹ ወደ ጓዳው ተመለሱ፤ የመጀመሪያው የዘሃራ ነው፣ በዚያው ቋጠሮ። ከዚያ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ ወንድሜ ተወልዶ ነበር። ስንሄድ ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት «ወለላ ጋ!» ብሎ ሲጮህ፣ እቴቴ ከመንገድ ድንጋይ አንስታ «ወለላ የሚባል እዚህ የለም! ታፈሰች ነኝ!» ብላ ወረወረችበት። ረዳቱ እየሳቀ ሄደ።

ባለፈው መስከረም ከሚኒባሱ ስወርድ ግድግዳው የብሎኬት ሆኗል፤ ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ወለላም ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌላ ጣሳ በሌላ ዘፈን ተተክቷል። ሙሽሮቹ አሁን አያቶች ናቸው፤ አዘቦት ጣሳውን፣ ለመስቀል ቅቤውን ይጠቀማሉ። እቴቴ ደጃፏ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደክሟል። በድምፄ አወቀችኝ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ።

«የት ጋ ነው ያወረዱሽ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «እዚሁ በርሽ ላይ» አልኩ።

«አትዋሺ፤ ወለላ ጋ ብለው ነው። ያ ዘይት ሞተ፣ ስሙ ግን እኔ ላይ ቀረ። ድንጋይ መወርወሩ ቢሰለቸኝ ተውኩት።»

ያን ጊዜ በአጥሩ በኩል አንዲት ወጣት ሴት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች። የዘሃራ የልጅ ልጅ መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። የዊጆ ቅቤ ይዛለች። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ በአክብሮት፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ ተጣራች።

«እትዬ ወለላ!»

እቴቴን አየኋት። መዳፏን ቅቤውን ለማሸት እያዘጋጀች ነበር።

«አቤት» አለች።